የቱና አመጋገብ፦ ከሕንድ ውቅያኖስ እስከ ወልቂጤ

የባሕር ሊቃውንት ቱናን ለማጥናት መርከብ ይከራያሉ። ይህ ጥናት ግን የተካሄደው ባሕር በሌለበት፣ በወልቂጤ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ግኝት እነሆ፦ በውቅያኖስ ሰርዲንን እያሳደደ የሚውጠው ቱና ወልቂጤ ሲደርስ ከዚያው ሰርዲን ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደርድሮ ወራት ይከርማል፤ አንዱ አንዱን አይነካም። እንዲህ ያለ ሰላም በሕንድ ውቅያኖስ ታይቶ አይታወቅም።

እዚያማ ሌላ ነው። ቱና እንደ ብዙዎቹ ዓሦች ባለበት ቆሞ ውኃ ወደ ስንጥቡ መሳብ ስለማይችል፣ ለመተንፈስ አፉን ከፍቶ ያለ ዕረፍት መዋኘት አለበት። ቆመ ማለት ታፈነ ማለት ነው። ሰውነቱም ከባሕሩ ውኃ ይሞቃል። ይህን ሁሉ ጉልበት የሚመልሰው በሰርዲን፣ በስኩዊድ፣ በሽሪምፕና በበራሪ ዓሣ ሲሆን፣ ሲርበው የራሱን ዘር ጫጩት አይምርም። ተንሳፋፊ ግንድ ካየ ደግሞ ከሥሩ ይሰበሰባል። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲከራከሩ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ተንሳፋፊ ሠርተው መረባቸውን ጣሉ። ቀሪው የፋብሪካ ሥራ ነው፤ በዚህ ታይላንድ ዓለምን ትመራለች።

ወልቂጤ ላይ አመጋገቡ ፈጽሞ ይለወጣል። ቆርቆሮው እንደተከፈተ ቱና ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ ይቀርብለታል፤ ሳያሳድድ፣ ሳይደክም። ከዚያ ፓስታ ላይ ይወጣል። አዳኞቹ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ እነሱም እንደ ቱናው በመንጋ ነው የሚያድኑት፦ ቆርቆሮው የጋራ፣ ዳቦው በነፍስ ወከፍ። ቸሃ ገጠር ከዘለቀ ደግሞ ከቆጮ ጋር የመገናኘት ዕድል አለው። ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የማያውቅ ዓሣ፣ ዓመታት ከጓሮ ሳይወጣ አድጎ፣ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ከከረመ እንሰት ጋር አንድ ሳህን ላይ! የባዮሎጂ መጻሕፍት ስለዚህ ዝም ማለታቸው ያሳዝናል።

ፍልሰቱም ወቅት አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ቱና ክትፎ ለምዶ የኖረውን ሕዝብ ይጠጋል። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ሙግት ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው፤ አጥኚው እናቱ ቤት መግባት ይፈልጋል።) ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይህ የወቅት ገደብ አይሠራም። በፋሲካ ማግስት ግን ሥጋ ቤቱ ተከፍቶ ቱናው ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ሰርዲኑ ጎን ይመለሳል።

በመስከረም የሚፈልሰው ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ለመስቀል ወደ አገሩ ይነጉዳል። በዚያ ሰሞን እምድብር ላይ ቱና ለማጥናት ያሰባችሁ ተመራማሪዎች በጀታችሁን አታባክኑ፤ ክትፎው እያለ ቆርቆሮ የሚከፍትላችሁ ሰው አታገኙም።