ግልገል ትራክተር

ትራክተር መግዛቴን በስልክ የነገርኳት ዕለት እናቴ እልል አለች፤ እልልታውን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። እሷ የምታውቀው ትራክተር አርሲ ውስጥ ያየችውን፣ የኋላ ጎማው የሰው ቁመት የሚያክለውን ነው። ብዙም ሳይቆይ የአክስቴ ልጅ ደወለና "ስንት ጋሻ መሬት ያዝክ?" አለኝ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ብድር ነበር። ነገሩ ሥር ሳይሰድ ብዬ ፎቶውን ላክሁ። እናቴ ስልኩን አስጠግታ፣ አርቃ ካየችው በኋላ "ልጄ፣ ይሄ እኮ ግልገሉ ነው፤ እናቱ የታለች?" አለችኝ።

ግልገሉ ዊል ሆርስ ሲ-120 ይባላል። ባለ አንድ ሲሊንደር ኮህለር ሞተር፣ 12 የፈረስ ጉልበት፣ ቀይ ቀለም፤ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ዊል ሆርስን እ.ኤ.አ. በ1946 ኢንዲያና ውስጥ በሳውዝ ቤንድ ከተማ ፖንድ የሚባሉ አባትና ልጅ ጀመሩት፤ በ1986 ደግሞ ቶሮ ገዛው። እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ዝናብ ሲመታው ጭቃው ጫማ በሚያስቀር ቀይ አፈር ላይ ቤት ያለው ሰው ሣር ያጭዳል፤ ካላጨደ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። እኔም በበጋ ሣር አጭድበታለሁ፣ በክረምት ከፊቱ አካፋ አስሬ በረዶ እገፋበታለሁ፣ በጸደይ ለጎመንና ለጤና አዳም የምትሆን ቁራሽ መሬት አርስበታለሁ። ጋሻ የሚባል ነገር የለም።

ስገዛው የፊት እግሩ ማለቁን አይቼ ነው፤ ዋጋውን ያወረደልኝም እሱ ነው። ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም። የቀድሞ ባለቤቱ ዘመኑን ሁሉ በረዶ ሲገፋበት ግራሶ የሚባል ነገር አላሳየውም። መሪውን ወደ ግራ አዞርና ሐሳቤን እስኪቀበል እጠብቃለሁ። ሲቀበል ደግሞ ከሚገባው በላይ ይቀበላል። የፊት ጎማዎቹ እየተወላገዱ ስለሚሄዱ የታጨደው ሣር እጇ ገና ያልፈታ ልጅ የጎነጎነችው ሹሩባ ይመስላል። ባለቤቴ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቡና እያፈላች ቁልቁል አየችውና "ይሄን እንኳ በመቀስ ብሠራው ይሻል ነበር" አለች።

እንግዲህ ጋሼን ጠራኋቸው። ጋሼ በጉልምስናቸው ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዘው አዲስ አበባና አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት በጭጋግ የወረዱ ሰው ናቸው። ዛሬ የሚነዱት የልጃቸውን ልጅ ጋሪ ነው። መጀመሪያ ሞተሩን እንዲያዩልኝ ኮፈኑን ስከፍት በእጃቸው መልሰው ዘጉት።

"ክሪክ አለህ?"

"አለኝ፣ ጋሼ።"

"አንሣው።"

ፊቱን አነሣሁት። ጋሼ ጎማውን ላይና ታች ይዘው ነቀነቁት፤ ተንቀጫቀጨ። "ኩሽኔታው ሄዷል።" ግራና ቀኝ ይዘው ነቀነቁት፤ አሁንም ተንቀጫቀጨ። "ቴስቲናውም ሄዷል።" ከዚያ አክስሉን ራሱን ከመሃሉ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፉት። እሱም ሄደ። ጋሼ ቀና ብለው "ልጄ፣ ሰው ሞተር ሲያይ ይውላል፤ ገደል የሚሰድህ ግን የፊት እግሩ ነው" አሉኝ። የእኔ ግቢ ገደል የለውም፤ ቢሆንም ጣርማ በርን ለወረደ ሰው መልስ አይሰጥም።

የዚህ ትራክተር የፊት አክስል አንድ የብረት አግዳሚ ነው። ከሻንሲው ጋር የተያያዘው መሃሉ ላይ በገባች አንዲት ፒን ብቻ ነው። አንደኛው ጎማ ጉብታ ሲወጣ አግዳሚው ያዘነብላል፤ ትራክተሩ ራሱ ግን ቀጥ እንዳለ ይሄዳል። ባሌስትራ የለም፣ ሞላ የለም፤ ያቺ ፒን ሁሉንም ትሸከማለች። የእኔዋ ከተሸከመችው ብዛት ቀዳዳውን ሞላላ አድርጋዋለች። መድኃኒቱ ቀዳዳውን አስፍቶ፣ አስተካክሎ፣ የነሐስ ቡሺንግ ማስገባት ነው። ለዚህ ሥራ ቶርኖ ቤት ያስፈልጋል። ቶርኖ ያለው ሰው አገኘሁ፤ የሚጠይቀውን ስሰማ ግን ትራክተሩን ለእሱ ሸጬ ብሄድ ሳይሻል አይቀርም አልኩ። አግዳሚው እንዳለ ይቀየር ተባለ።

አንድን ነገር መቀየር ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው የዘመድ አዝማዱ ብዛት ነው። የድሮው የጎማ ዘንግ ሦስት አራተኛ ኢንች ነበር፤ 19 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። በምትኩ የገዛሁት፣ ከታላቅ ወንድሙ ከዊል ሆርስ 520-ኤች የተነቀለው አክስል ግን ዘንጉ ሙሉ አንድ ኢንች ነው። ለባለቤቴ በኩራት አስረዳኋት፦ ውፍረቱ የጨመረው በሲሶ ብቻ ነው፤ መጉበጥን የሚቋቋምበት ጉልበት ግን ከሁለት እጥፍ ያልፋል፤ ምክንያቱም ጉልበቱ የሚያድገው ውፍረቱ በራሱ ሦስቴ እየተባዛ ነው። በጥሞና ሰማችኝና "ዋጋውስ ስንቴ ተባዛ?" አለች።

ተባዝቷል። ዘንጉ ሲወፍር የድሮው ኩሽኔታ አልገባ አለ። ሰፋ ያለ ኩሽኔታ ስገዛ የድሮው ቸርኬ አልቀበልም አለ። ቸርኬ ስገዛ ደግሞ በአዲስ ቸርኬ ላይ የተሰነጣጠቀ ጎማ ማግባት ነውር ነው። በዚያው ላይ ለሣር የሚሠራው ለስላሳ ጎማ እርጥብ ቀይ አፈር ላይ መሪ ብታዞርም ባታዞርም ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ስለዚህ ዙሪያውን ሦስት ከፍ ያሉ መስመሮች ያሉትን ጎማ መረጥኩ፤ መሬቱን ነክሶ ይይዛል። መጠኑ 16 በ6.50 በ8 ነው፤ ቁመት 16፣ ወርድ ስድስት ተኩል፣ ቸርኬ ስምንት ኢንች።

አዲስ አበባ ቢሆን ጎማውን ተሸክሜ መንገድ ተሻግሬ ለጎሚስታው ሰጥቼው ሻይ እጠጣ ነበር። እዚህ ጎሚስታው እኔ ነኝ። ትንሽ ጎማ ደግሞ ክፉ ነው፤ ከቸርኬው ጠርዝ ጋር አልገጥም ይልና የነፋህበት አየር በጎን ያመልጣል። ጋሼ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ አምጣ አሉ፤ የጎማውን ዙሪያ ጠፍረው አሰሩና "ንፋ" አሉኝ። ስነፋ ጠርዙ ጧ ብሎ ገባ። የጎረቤቴ ውሻ ከዚያ ቀን ወዲህ በእኛ አጥር በኩል አያልፍም።

መሪውን ስንገጥም ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ስትታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጭኛው ይበልጥ መዞር አለበት፤ የሚሄድበት ክብ ጠባብ ስለሆነ። ይህን አሠራር ለሠረገላ የፈጠረው የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌዎርግ ላንከንስፐርገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 ለንደን ላይ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ግን ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን ነበር፤ እስከ ዛሬም ዓለም አከርማን እያለ ይጠራዋል። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም፤ "ድለላ ድሮም ያዋጣል" አሉ።

የቀረው ልኬት ነው። የሁለቱ ጎማዎች ፊት ከኋላቸው በጥቂቱ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቀረብ ማለት አለበት። ጋሼ በሲባጎ ለኩ፤ እኔ በሜትር ለካሁ፤ ሲባጎው ትክክል ነበር።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ያወጣሁት ገንዘብ ትራክተሩን ከገዛሁበት በለጠ። አይቆጨኝም። በየትልልቁ መደብር በር ላይ ተደርድረው የሚሸጡት ርካሾቹ አዳዲሶች፣ የብዙዎቹ አክስል የታጠፈ ስስ ላሜራ ነው፤ ሲያልቅ ቡሺንግ የሚገባበት ሥጋ እንኳ የለውም። ግልገሉ ግን ብሎኑ ሁሉ በኪያቤ ይፈታል፤ ግራሶ የሚጠጣበት ቀዳዳም አለው። መሪው አሁን በአንድ እጅ ይዞራል፣ ሣሩም ቀጥ ያለ መስመር ይወጣዋል። ባለቤቴ መስመሩን አየችና ስለ ሣሩ ምንም ሳትል "በል እስቲ የመኪናዬንም የፊት እግር እይልኝ" አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ የምስክር ወረቀት ነው።

እናንተም አሮጌ ትራክተር ልትገዙ ከሄዳችሁ ኮፈን አታስከፍቱ። ክሪክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የፊት ጎማውን ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። በዚህ መሃል ሻጩ ስለ ሞተሩ ጥንካሬ ማውራት ከጀመረ ዋጋውን በግማሽ ጥሩት።