ቀለሙ የት ሄደ?

በዓል ሲቃረብ አምና የተረፈው የዘይት ቀለም ይፈለጋል። ከአልጋ ስር ይወጣል፤ ክዳኑ ደርቆ ተጣብቋል። አባወራው በካቻቪቴ ፈልቅቆ ይከፍተዋል። ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቢጫማ ዘይት ሲያይ ደሙ ይፈላል። “ዘይት ሸጠውልናል!” ባለሱቁ በሌለበት ይከሰሳል፤ በሌለበትም ይፈረድበታል።

ባለሱቁ ግን ነፃ ነው። ቀለሙ የትም አልሄደም፤ ታች ተኝቷል። ነጭ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ዱቄት ከውሃ 4 እጥፍ ይከብዳል፤ የያዘው ዘይት ደግሞ ከውሃ ይቀላል። በቀዩ ፀረ ዝገት ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድማ 5 እጥፍ ያልፋል። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ቀለም ቢዘቅጥ ምን ይገርማል?

ችኩሉ ከላይ ከላይ አማስሎ ይጀምራል። በመጀመሪያው በር ላይ አሮጌው ቀለም ፍንትው ብሎ ይታያል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቀለሙ ወፍሮ ብሩሹን አላስኬድ ይላል። ያኔ አኳራጅ ይጨመርበታል፤ ሦስተኛ መልክ ይወለዳል።

ሥራውን የሚያውቅ ቀቢ ከቆዳው ይጀምራል። የዘይት ቀለም ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ሲደርቅ ቆዳ ያወጣል፤ ያ ቆዳ ተመልሶ አይሟሟም። ዳር ዳሩን በቢላ ቆርጦ እንደ እንጀራ ሙሉውን አንስቶ ይጥለዋል። ቀጭኑን ዘይት ወደ ሌላ ጣሳ ይገለብጣል፤ ዝቃጩን በጠፍጣፋ እንጨት ከግርጌው እየፋቀ ይጨፈልቃል፤ የገለበጠውን ጥቂት በጥቂት እየመለሰ ያማስላል። እንጨቱን አውጥቶ ጫፉን ያያል። ጓል ካለ እንደገና። በመጨረሻም በአሮጌ ስቶኪንግ ያጠልለዋል፤ የስቶኪንጉን ባለቤት ማስፈቀድ ግን የአባወራው ሥራ ነው።

የፕላስቲክ ቀለም ጣጣው ሌላ ነው። በውሃ የተሠራ ስለሆነ ባክቴሪያ ይገባበታል። ክዳኑ ሲነሳ ክፉኛ ከሸተተ ማማሰል አያድነውም፤ ይጣል።

ቀለም ለከርሞ ማቆየት የፈለገ የቆርቆሮውን አፍ በጨርቅ ይጥረግ፤ ክዳን አልገጥም የሚለው እዚያ በደረቀው ቀለም ነው። ክዳኑ ላይ ጣውላ አድርጎ በመዶሻ ይምታ፤ በቀጥታ ከመታው ጎብጦ አየር ያስገባል። የጎደለውን ወደ ትንሽ ጣሳ ይገልብጥ፤ ባዶው ቦታ አየር ነው፣ አየር ደግሞ ቆዳ ያመጣል። የዘይት ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆነ ከመኝታ፣ ከምድጃና ከልጆች እጅ ይራቅ። ጎኑ ላይም የቀለሙ ቁጥር፣ የተቀባው ክፍልና ቀኑ ይጻፍ። “ነጭ ነው” ብቻ አይበቃም፤ ሱቅ ውስጥ ነጩ ብዙ ነው።