ካሜራህን ይዘህ ና

ዐቢይ ጾም 55 ቀኑን ጨርሶ፣ ፋሲካም አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ አዲስ አበባ ውስጥ ያላገባ ሁሉ ማግባት ይጀምራል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የሠርግ ፎቶ አንሺ ስልክ ቢያብድ አይገርምም። የሚገርመው የደዋዩ ማንነት ነው። የአክስት ልጅ፣ የአጎት ሚስት እህት፣ አብሮ አደግ፣ የአብሮ አደግ ጎረቤት! «ልጃችንን ልንድር ነው፣ እንዳትቀርብን» ይላሉ። እንኳን ደስ ያላችሁ እላለሁ። ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ተጠያይቀን ስልኩ ሊዘጋ ሲል ነው ያቺ ነገር የምትመጣው፤ «ታዲያ ካሜራህን ይዘህ ና፣ እሺ?»

ይህን ልማድ የሚያማርሩ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ላመሰግነው ነው የተነሳሁት። በአንድ የጥሪ ካርድ እንግዳም ሠራተኛም መጥራት ቀላል ጥበብ እንዳይመስላችሁ። እንግዳ ስለሆንኩ አይከፈለኝም፤ ሠራተኛ ስለሆንኩ ወንበር የለኝም። እንግዳ ነኝና ስጦታ ይዤ እመጣለሁ፤ ሠራተኛ ነኝና ሙሽራዋ ስትኳኳል ለማንሳት ከንጋቱ 12 ሰዓት በራቸው ላይ እቆማለሁ። ምግቡም ቢሆን አልተከለከልኩም። ሠርገኛው መብላት ሲጀምር «ስንጎርስ እንዳታነሳን!» ስለሚባል ያኔ ልቀማምስ እችል ነበር። ግን ልክ በዚያች ሰዓት ሙሽሮቹ በየጠረጴዛው እየዞሩ ከዘመድ ጋር ፎቶ ይነሳሉ። ካሜራዬን ሳወርድ ከቁርጡ የተረፈኝ ቢላዋው ነው።

«ምን አለበት፣ አንድ ሁለት ቀጭ ቀጭ ብታደርግልን? መጫን አይደል?» ይላል አንዱ አጎቴ። ልክ ነው፣ መጫን ነው። ሹፌርነትም መርገጥ ነው፤ ቀዶ ሕክምናም መቅደድ ነው። ካሜራው ራሱ የሚሞተው በመጫን ነው። ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ፎር የተባለውን ካሜራውን ለገበያ ሲያወጣ ሹተሩ 150,000 ጊዜ ያህል እንደሚጫን ገምቶ ነው፤ አንድ ደህና ሠርግ ከዚህ ዕድሜ ላይ በሺዎች ቆጥሮ ይወስዳል። አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋውን ባለ 70-200 ሌንስ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ተሸክሞ መዞርም መጫን ነው፤ ይኸኛው የሚጫነው ትከሻ ላይ ነው። እያንዳንዱን ፎቶ በሁለት ካርድ ላይ በአንዴ የምጽፈውም፣ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሙሽሮቹን እንደገና ተጋቡልኝ ማለት ስለማይቻል ነው። ይህንን አጎቴ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ሕግ አውጪዎቹ ግን ምነው እሱን ባማከሩ! በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን የአንሺው ሥራ ነው ብለው፣ መብቱን ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ጠበቁለት። ቤተ መንግሥትም ቢሆን ምክሩን ቢያገኝ ኖሮ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአርመኖቹን የቦያጂያንን ቤተሰብ ፎቶ አንሺ አድርጎ ባላቆየ ነበር። ጣት ያለው ዘበኛ ሞልቶ!

«ታዲያ ይህን ሁሉ በነፃ ነው የምትሠራው?» የሚለኝ አይጠፋም። በነፃ ማለት የዘመዶቼን ስም ማጥፋት ነው። ይከፈለኛል፤ የሚከፈለኝ በምርቃት ነው። ሠርጉ ሲያበቃ አክስቴ እጄን ይዛ «እጅህን ቁርጥማት አይንካው፣ የያዝከው ይባረክ፣ ትዳር ይስጥህ፣ መንታ ይስጥህ» ትለኛለች። እኔም ጎንበስ ብዬ አሜን እላለሁ። ደረሰኝ የለውም እንጂ የተሟላ ክፍያ ነው።

ከብርም ይሻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ፤ የካሜራና የፍላሽ ዋጋም አብሮ ወጣ። የአክስቴ ምርቃት ግን በዚያ ሰሞን እንኳ ቅንጣት አልረከሰም። እንዲህ የጸና ገንዘብ በእጃችን እያለ ለምን በመሐላችን ብቻ እንደሚዘዋወር አይገባኝም። የጎደለው ሥርዓት ማበጀት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ኖቶቹ ይለዩ። የሸበተ ሽማግሌ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ የሚመርቀው ባለ 200 ይሁን። አክስቶች ባለ 100። ተቀምጦ፣ ጥርሱን እየፋቀ የሚመርቅ ሰው ባለ 10። ሚዜዎቹ የሚጥሉልኝ «ተባረክ ወንድሜ» ደግሞ ሳንቲም ነው፣ ለታክሲም አይበቃ። ባንክ ሄጄ ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ቆሜ የተመረቅሁትን በቃሌ እደግማለሁ፤ እሷም «አሜን ተብሎበታል?» ብላ ትጠይቃለች። አሜን ያልተባለበት ምርቃት ፊርማ የለውምና ተመላሽ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. ብሩ ሲቀየር አሮጌው ኖት በሦስት ወር ይመለስ እንደተባለው ሁሉ፣ ከአያቶቻችን የወረስነውን «ዕድሜህ እንደ ማቱሳላ ይርዘም» የመሰለውን ሁሉ በተወሰነ ቀን ገደብ አምጥተን በአዲስ እናስለውጣለን። ፍራሽ ሥር የተገኘ ምርቃት ይወረሳል።

ከዚያ ግብሩ አለ። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ አክስቴም «መንታ ይስጥህ» ስትለኝ በላዩ ላይ ጨምራ መመረቅ ይኖርባታል። ሒሳቡ ሁለት ልጅ ከሲሶ ግድም ይመጣል። ሁለቱን ይዤ ሲሶውን ለገቢዎች አስረክባለሁ። ትዳሩንም እንዲሁ፤ ከሚስቴ ላይ የመንግሥት ድርሻ የትኛው እንደሆነ ኦዲተር መጥቶ ይወስን።

የውጭ ንግዱ ነው ትንሽ የሚያስቸግረው። ካሜራ እዚህ አይሠራም፤ ብዙዎቻችን ዱባይ በሚመላለስ ሰው እጅ ነው የምናስመጣው። የዱባዩን ነጋዴ ሱቁ ድረስ ዘልቄ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ «ወልደህ ሳም፣ ዘርተህ ቃም» ብዬ አንድ ካሜራና ሁለት ባትሪ እንዲያስረክበኝ እጠብቃለሁ። ዘርተህ ቃም ለዱባይ ሰው ምን ዓይነት ተስፋ እንደሆነ እኔም ግራ ይገባኛል፣ ግን ምንዛሪው የእሱ ጉዳይ ነው። ለቤት አከራዬም ወር ሲደርስ እንዲሁ አደርጋለሁ። በሩን ሲያንኳኳ ቆሜ «ቤትህን አይዝጋው፣ ተከራይ አያሳጣህ» እለዋለሁ። አሜን ይልና የኔን ቤት በቁልፍ ይዘጋዋል። በሐምሌና በነሐሴ ሠርግ ሲጠፋ ደግሞ በጥርና በሚያዝያ ያጠራቀምኩትን ምርቃት እየመነዘርኩ ሽሮ እበላለሁ።

የምፈራው ግሽበቱን ብቻ ነው። ሠርግ ላይ ያሉ ሽማግሌዎች ያለ አንዳች መጠባበቂያ ምርቃት እያተሙ ነው። አንዱ መርቆ ሲቀመጥ ሌላው ይነሳል፤ ሁለት ጠርሙስ ጠጅ ካለፈ በኋላማ ጭራሽ የሚቆጣጠራቸው የለም። ብሔራዊ ባንክ ለአንድ ድንኳን ከሦስት ሽማግሌ በላይ እንዳይመርቅ መመሪያ ቢያወጣ ጥሩ ነበር።

እስቲ ቀልዱን ልተወውና በግልጽ ልናገር። ድንኳኑን የተከለው ሰው ቀብድ ወስዷል። ዲጄው ሙሉ ሒሳቡን ሳይቀበል ድምፅ ማጉያ አላወረደም። የኬኩ ሒሳብ ከሳምንት በፊት ተዘግቷል። ሙሽሮቹን የጫነችው ሊሞዚን እንኳ በሰዓት ተከፍሎላታል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያልተከፈለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ምክንያቱም ዲጄውን አታውቁትም፣ እኔን ግን ትወዱኛላችሁ። ይሉኝታ እንዳለብኝ ታውቃላችሁ፣ በዚያችው ይሉኝታዬ ነው የምትቀጥሩኝ። ይህ ብዝበዛ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እሺ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ። ከሠርጉ በኋላ ያለውም ጣጣ ምስጋና ይገባዋል። ድግሱ ሳይፈርስ «በቴሌግራም ላክልን» ይባላል። በማግስቱ «ሶፍት ኮፒውን በሙሉ በፍላሽ ስጠን፣ የተበላሸውንም ቢሆን» ይመጣል፤ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን የከፈተ አጎት የማንን ግድግዳ እንደሚያስጌጥ እንጃ። አንዷ አቅላኝ ትላለች፣ አንዷ አቅጥነኝ ትላለች፣ አንዱ ደግሞ በመልሱ ዕለት የተጣላውን ዋርሳውን ከቡድን ፎቶው ላይ እንዳነሳለት ይለምነኛል። ይህን ሁሉ ሌሊት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ እሠራለሁ። «ገና አላለቀም እንዴ?» የሚለኝም ያው መጫን ነው ያለኝ አጎቴ ነው።

ከሠርግ ወቅት ውጭ ደግሞ የዲቪ ፎቶ አለ። ነጭ መደብ፣ ሙሉ ፊት የሚታይበት፣ ቢያንስ 600 በ600 ፒክሰል። ስቱዲዮዬ መጥቶ ኮት እንኳ ከኔ ተውሶ የተነሳ አንድ የሩቅ ዘመድ «ከደረሰኝ አልረሳህም» ብሎኝ ነበር። ደረሰው። ቃሉንም ጠበቀ፣ አልረሳኝም፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይደውልልኛል። የእናቱ ሰማንያኛ ዓመት ልደት ስለሆነ አንድ ጥሩ ፖርትሬት ፈልጎ ነው። በትልቁ ታትሞ፣ ፍሬም ተደርጎ፣ ወደ አሜሪካ በሚሄድ ሰው እንድልክለት ነው። ስለ ሒሳብ ስጠይቀው ሳቀ። እናቱ በጣም እንደምትመርቀኝ ነገረኝ።

እንግዲህ ዘመዶቼ፣ ለመጪው ጥር የምታስቡ ካላችሁ ከወዲሁ ልንገራችሁ። እንግዳ ከፈለጋችሁ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ስጦታ ይዤ፣ አንገቴ ላይ ምንም ሳላንጠለጥል እመጣና ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ቁርጡንም እበላለሁ። ፎቶ አንሺ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቀብዱ ግማሽ ነው፣ ቀሪው አልበሙን ስትረከቡ ይከፈላል።