አክብረን ያስቀመጥናቸው

የጥር ሠርግ ላይ ዲጄው የጎጃም ዘፈን ሲለቅ፣ ሰባውን የተሻገሩት እናት ትከሻ ማንም ሳይጋብዘው ይነሳል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ብድግ ከማለታቸው ልጆቻቸው ከየአቅጣጫው ይደርሳሉ። «እማዬ፣ ጉልበትሽ!» «ኧረ ደም ግፊትሽ!» «ቁጭ በይ፣ ሰው ምን ይላል!» እናት ይቀመጣሉ። ልጆቹም ስልካቸውን አውጥተው የሰው እናት ስትጨፍር ይቀርጻሉ፤ «አቤት ስታምር!» እያሉ።

እነዚሁ ልጆች ቤት ሲገቡ «እማዬ እኮ መርሳት አበዛች» ብለው ይመክራሉ። አሜሪካ ያለችው እህት ለማስታወስ ይበጃል የተባለ እንክብል ትልካለች። እናት እንክብሉን የት እንዳኖሩት ይጠፋባቸዋል።

እዚያው አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ፣ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆነ 469 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በፈረንጆቹ 2003 አሳትመዋል። 124ቱን የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ከተጠየቁት 11 የአካል እንቅስቃሴዎች መካከል በሽታው ቀነስ ብሎ የታየው በሚደንሱት ላይ ብቻ ነበር። ዋናው፣ ብስክሌቱ፣ የቤት ሥራው፣ ልጅ መጠበቁ ሳይቀር ተቆጥሮ ነበር። (የልጅ ልጅ አስታቅፈን «እሷንም ያነቃቃታል» የምንል ልብ እንበል።) እርግጥ ጭፈራው አእምሮን ጠበቀ ወይስ አእምሮው ያልደከመ ሰው ጨፈረ የሚለውን ጥናቱ አልለየም።

ጀርመኖች ደግሞ በማግደቡርግ አረጋውያንን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ስፖርት፣ ግማሹን ዳንስ አሠሩ። በ2017 እንዳሳተሙት፣ ለትውስታ ወሳኝ የሆነው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በሁለቱም ወገን ጨምሯል፤ ሚዛን መጠበቅ የተሻሻለው ግን በደናሾቹ ብቻ ነው። ዘዴያቸው እርምጃውንና ምቱን እየቀያየሩ አዲስ ነገር ማስጠናት ነበር። የእኛ ዲጄ ይህን በነፃ ይሠራዋል፤ ከትከሻ ወደ ትግርኛው ዙር፣ ከዚያ ወደ ኦሮምኛው፣ መጨረሻ ላይ እስትንፋስ ወደሚያሳጣው ጉራጌኛ።

ይህ ወሬ ዩቲዩብ ላይ የደረሰ ዕለት ልጆቹ «የአረጋውያን ዳንስ ቴራፒ» አፈላልገው እናታቸውን በወርሃዊ ክፍያ ያስመዘግባሉ። የሃያ አምስት ዓመት አሠልጣኝ ፊታቸው ቆማ «እማማ፣ ትከሻዎን እንዲህ!» እያለች እስክስታ ታስተምራቸዋለች።

አባቶቹን አታንሷቸው። ሦስቴ ተለምነው፣ በእጅ ተጎትተው፣ «የእኔ ድሮ ቀረ» ብለው ይመለሳሉ። የሠርጉ ስፖርታቸው ብር አውጥቶ ዘፋኙ ግንባር ላይ መለጠፍ ነው፤ እሱንም ቴሌብር ሊያስቀርባቸው ነው።