ከጋቢ ወደ ጋቢና

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። እኛ ከተማ፣ ወለጋ ቢላ ውስጥ፣ ጋቢ የለበሰ ጡረተኛ ምን እንደሚጠበቅበት የታወቀ ነው፤ ደጅ ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅ፣ ለሽምግልና ሲጠሩት መሄድ፣ ቀብር አለመቅረት። የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ይሰናበታል ይላል ሕጉ፤ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን አንድም አንቀጽ የለውም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር በዚያ ሰዓት ደወል ይደወልልኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ያለ ደወል ቻልኩ። በአራተኛው ጋቢውን አጣጥፌ ጋቢና ገዛሁ።

ጋቢና ብቻ እንኳ አይደለም፤ ከፊቱ ኮፋኖ፣ ከኋላው መጫኛ አለው። ኮፋኖው ሥር ደግሞ ሞተር አለ ተብያለሁ። የ1966 ላንድሮቨር ፒካፕ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ 9 ዓመት ታንሳለች፣ ስትታይ ግን አያቴን ትሆናለች። አንድ ቡና ነጋዴ ጓሮ ውስጥ ቆማ ዶሮ ሲፈለፈልባት ኖራለች። ሻጩ «ባርሲሳ፣ ትንሽ ነገር ብቻ ናት የጎደለቻት» አለኝ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ እዚህ አገር ሌላ ስም ያለኝም አይመስለኝ። ያቺ ትንሽ ነገር ባትሪ፣ ራዲያተር፣ ሁለት ጎማ፣ የግራ በርና ፍሬን ሆና ተገኘች።

ሰኔ ላይ አንድ ቡና የሚጭን አይሱዙ ጎትቶ ግቢ አስገባልኝ። ባለቤቴ ከአጥሩ ጥግ፣ ሥሩ የሚበላውን አንጮቴዋን ከተከለችበት ጎን እንድናቆማት አዘዘች። ተንኮሉን ያኔ አልጠረጠርኩም። የወለጋን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪና ሥር ተኝቶ መሥራት ቀርቶ ከቤት ወጥቶ መኪናውን ማየትም ጀግንነት ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ወጥቼ ባይ አንጮቴው በጎማው ተንጠላጥሎ፣ በሌለው በር ገብቶ መሪውን ጨብጧል። ሐረግ አይደል፣ መደገፊያ ይፈልጋል። ልመነጥረው ስል ባለቤቴ ከጓዳ ጮኸች፦ «እንዳትነካው! መስቀል ሳይደርስ አንጮቴ አይነቀልም!» ስለዚህ የጥገናው የመጀመሪያ ሦስት ወራት ያለፉት አንጮቴ በመጠበቅ ነው። በመስቀል በቅቤ ለውሰን በላነው። ከዚህች መኪና እስካሁን ያገኘሁት ትርፍ እሱ ነው።

በቤት ውስጥ ክርክር አልነበረም ብል ውሸት ይሆንብኛል። «ነቀምቴ ያለው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትስ አርጅቶ አልነበረም? ተጠግኖ ይኸው ይጎበኛል» አልኳት። «እሱ የባላባት ነው፤ ይሄ የዶሮ ነው» አለች። ተሸነፍኩ፤ ግን አስተማሪ ሲሸነፍ ሌላ ርዕስ ይከፍታል። ይቺ መኪና ዝገት እንደማያውቃት አስረዳኋት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ብረት ስላጠራት ላንድሮቨርን ስትሠራ አካሏን አሉሚኒየም አልብሳ፣ በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለዓለም እንዳሳየቻት ተረኩላት። ባለቤቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ዘነዘናዋን አንስታ ሻሲውን ከሥር አንድ ጊዜ ነካ አደረገችው። አንድ ሰፌድ ዝገት ረገፈ። ልብሷ አሉሚኒየም ነው፣ አጥንቷ ግን ብረት፤ እኔ ያነበብኩት ስለ ልብሷ ነበር።

መካኒኩ የድሮ ተማሪዬ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለ ፈተና ላይ የዲዴሳን ወንዝ ወስዶ አዋሽ ውስጥ የጨመረው እሱ ነው። ዲዴሳ ዛሬም ወደ ዓባይ ይፈሳል፤ የተገለበጠው እኔና እሱ ነን። መኪናው ሥር ተኝቶ እጁን ብቻ ያወጣና «ባርሲሳ፣ ካቻቢቴ!» ይለኛል። ፒንሳ አቀብለዋለሁ። «ይሄ ፒንሳ ነው፣ ባርሲሳ» ይላል በትዕግሥት፤ እኔ በእሱ ላይ ያልነበረኝ ትዕግሥት።

ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ክሪክ። ደብተር ገዝቼ መጻፍ ጀመርኩ። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ተባረረ ብዬ ስንት ክፍል አስተምሬአለሁ! ከጋራዥ ውስጥ ግን ጨርሶ አልወጣም፤ የተቀመጥክበት ጋቢና፣ የለጠፍከው ታርጋና ቦሎ፣ ኪስህ ያለው ሊብሬ ሁሉ ስማቸው የእሱ ነው። የእኔዋ ደግሞ እንግሊዛዊት ናት። ቢላ ላይ በጣሊያንኛ ትፈታለች፣ በኦሮምኛ ትገፋለች፣ እምቢ ስትል በአማርኛ እሰድባታለሁ።

እንግሊዛዊነቷን በብሎኖቿ አሳየችን። የመካኒኩ ቁልፎች በሚሊ ሜትር ናቸው፤ የእሷ ብሎኖች በኢንች። አሥራ ሁለት ቁልፍ አይገባም፣ አሥራ ሦስት ገብቶ ይዞራል፣ ብሎኑ አይዞርም። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ወረቀት ላይ አስልቼ በኩራት ነገርኩት። «እሺ፣ አሁን ይፍቱት» አለኝ። የኢንች ቁልፉን ልጄ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ፈልጎ በአውቶቡስ ረዳት ላከልኝ፤ አምቦን፣ ባኮን፣ ነቀምቴን አልፎ፣ ዲዴሳ ወርዶ ጊምቢ ወጥቶ ደረሰ። እግረ መንገዱንም ልጄ በስልክ መከረኝ፦ «አባዬ፣ ከጥር 2016 ወዲህ እኮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ሰው ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው።» እኛ ሰፈር መብራት እንደ አማት ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ መቼ እንደሚሄድ ግን አይጠየቅም። የእኔዋ ባትሪዋ ቢደክም እንኳ በማኖቬላ ትነሳለች አልኩት።

ያልነገርኩት የካንዴላውን ጉዳይ ነው። አንድ ቀን መካኒኩ ሳይኖር አራቱን ገመዶች ነቅዬ አጸዳሁና እንደ ተማረ ሰው በተራቸው ሰካኋቸው፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4። የዚህች ሞተር ተራ ለካ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ማኖቬላውን ሳዞር ማርሚታው ጓ! አለ። ከባለፉት ዓመታት ወዲህ ወለጋ ውስጥ ተኩስ የሚመስል ድምፅ ማንንም አያስቅም። ጎረቤቱ ሁሉ መሬት ላይ ተኛ። ቤት ለቤት ዞሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንዲት እናት ከተኙበት ተነሥተው፣ አቧራቸውን አራግፈው፣ ቡና ቀዱልኝና «ለመሆኑ ጋቢውን ምን አደረግከው?» አሉኝ።

መካኒኩ መጥቶ ኮፋኖውን ከፍቶ አየና «ይድገሙ» አለኝ። ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው የጎደለው፤ ቃሉ የእኔ ነው፤ ፈተናው ወረቀት ላይ የጻፍኩለት።

ደገምኩ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ማለዳ ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ተነሣ። ባለቤቴ እንጀራ ምጣዱን ትታ ወጣች፤ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ከአንጮቴው ጥግ እስከ ግቢው በር ሃያ እርምጃ ያህል ነዳሁ፤ በሠላሳ ሰባት ዓመት አገልግሎቴ እንዲህ ያለ ጭብጨባ አላገኘሁም። ሻጩ ትንሽ ካላቸው ነገሮች መጨረሻ ላይ የነበረው ፍሬን ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። መኪናዋ በሁለቱ የበር ምሰሶዎች መካከል ገብታ ውትፍ አለች።

እነሆ እዚያው ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋቢዬን ለብሼ ጋቢናው ውስጥ ፀሐይ እሞቃለሁ፤ ሽምግልና የሚጠሩኝም በመስኮት ያነጋግሩኛል። ባለቤቴ ገበያ የምትወጣው በመጫኛው ላይ ተረማምዳ ነው፤ ነገሩም እየከበደ ስለመጣ፣ የድሮ ላንድሮቨር የፍሬን ዕቃ ያለው ወይም ያለበትን የሚያውቅ ሰው ቢላ ብቅ ቢል ውለታው ብዙ ነው። ባርሲሳ ብሎ ቢጠይቅ ማንም ያሳየዋል።