ዕቃም ወዳጅም አብረው የሚታጡበት መንገድ

ወዳጅ ሳያስበው የሚሳሱለትን ዕቃ ሲያበላሽ ሁለት ጉዳት ይከተላል። በዕቃው ላይ የሚደርሰው በአንድ ቅጽበት ያልቃል። በወዳጅነቱ ላይ የሚደርሰው ግን ሥራ ይፈልጋል፤ ደረጃ በደረጃ ካልተሠራ ወዳጅነት እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም። እዚህ የቀረበው ይኸው የማበላሸት ቅደም ተከተል ነው።

በቅድሚያ ዕቃው የሚመዘንበትን ሚዛን ማሳሳት ያስፈልጋል። በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ አካባቢ ባሉ ቤቶች ውድ የሚባል ዕቃ የግድ ገበያ ላይ ውድ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከግርጌው የነበሩ ቤቶችም ከነጓዛቸው ተቀብረዋል። ከእንዲህ ያለ ቀን የተረፈ የእናት ፎቶግራፍ ለፍሬሙ ዋጋ ሊወጣለት ይችላል፤ ለራሱ ለፎቶው ግን አይወጣለትም። ለመጣላት የሚሻለው የፍሬሙን ዋጋ ብቻ ማሰብ ነው። እንግዲህ ቡና ተፈልቶ፣ ወዳጅ ስኒውን ሊያነሣ ሲል በዚህ ፎቶ ላይ ደፋው እንበል።

የመጀመሪያው ስሕተት በአፍ ይሠራል። ባለቤቱ ልቡ እየተቃጠለ «ኧረ ምንም አይደለም!» ማለት አለበት። ይሉኝታ ቃሉን ሳይታሰብ ስለሚያወጣው ድካም የለውም፤ ጉዳቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ያበላሸው ሰው የይቅርታ በር ይዘጋበታል፤ ምንም ላልሆነ ነገር ይቅርታ አይጠየቅምና። ባለቤቱም ከዚያች ደቂቃ በኋላ ማዘኑን የሚናገርበት መንገድ ያጣል። ቂም የሚበቅለው በዚህ መሐል ነው። «የእናቴ ፎቶ ነው፣ ሌላ የለኝም» ብሎ እዚያው መናገር ወዳጅን ያስደነግጣል፤ ቢሆንም አንድ ላይ ያሳዝናል፤ አብረው ያዘኑ ሰዎች ደግሞ ለጠብ አይመቹም። «ድሮም እጅህ አያርፍም» እያሉ የአምስት ዓመት ጥፋት መዘርዘርም ይቻላል፤ ይህ ግን ቶሎ የሚያስታውቅና ቶሎ በእርቅ የሚያልቅ ጠብ ስለሆነ ከዝምታው ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ስሕተት በእጅ ነው። የታተመ ፎቶ ምስሉ የሚቀመጠው ውኃ ሲነካው በሚለሰልስ ስስ ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ ጨርቅ አንሥቶ ፈትጎ ማሸት ፊቱን ከወረቀቱ ይልጠዋል። መስታወቱ ላይ የተጣበቀውን በኃይል መንጨቅ ደግሞ ቡናው ያልነካውን ጭምር ይጨርሳል። ፎቶውን ለማዳን የሚፈልግ ሰው ፊቱን ሳይነካ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ያለቀልቀዋል፤ ከዚያም በጥላ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያደርቀዋል። መስታወቱን አልለቅም ካለ ከነመስታወቱ ፎቶ ቤት ወስዶ ቅጂ ያስነሣለታል። ይህን ለሁለት መሥራት፣ በተለይም ያበላሸው ሰው ፎቶ ቤት ድረስ አብሮ መሄዱ፣ ወዳጅነቱን ያጠብቃልና ለጠብ ፈላጊ የተከለከለ ነው። ስልክ ውኃ ውስጥ ሲወድቅም ያው ነው፤ መሥራቱን ለማየት ወዲያው ቻርጀር ላይ መሰካት ሊተርፍ የሚችለውን ስልክ ያቃጥላል።

ሦስተኛው ስሕተት የተሰበረን ዕቃ ስብርባሪ ቶሎ መጣል ነው። ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ በጽዳት ማኅበራት ተሰብስቦ ገንዳ ይደርሳል፤ ከገንዳው ወደ ረጲ፣ ማለትም ወደዚያው ወደ ቆሼ፣ ይጫናል። እዚያ ቆርቆሮና የኃይላንድ ጠርሙስ የሚለቅሙ ሰዎች የሚሸጠውን ያወጣሉ፤ ከ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ደግሞ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማቃጠያ አለ። ለአንድ ቤት ብቻ ትርጉም ያለው ስባሪ ከዚያ አይመለስም። ለቆራሌው የተሰጠ ማንቆርቆሪያም መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል፤ ለብረቱ መልካም ዕድል ነው፣ ለሚፈልገው ሰው ግን ዕቃው ጠፍቷል። ያበላሸውም ሰው የበኩሉን ማገዝ ይችላል፤ ስብርባሪውን ከቆሻሻው ማዳበሪያ ሥር ደብቆ፣ ሲጠየቅ ልጆቹን ማሳበብ ነው። መሰበሩን ይቅር ያለ ባለቤት መደበቁን ይቅር ለማለት ብዙ ይቸገራል።

አራተኛው በካሳ ላይ የሚፈጸም ነው፤ በሁለት ተቃራኒ መንገድ ስለሚሳሳቱበት ሰፋ ያለ ነው። የእድር ዕቃ ሲወጣ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ሲመለስ ተቆጥሮ ይገባል፤ የጎደለው ሳህን ወይም ድስት ይተካል። ይህ ትክክለኛ ሥርዓት ነው፤ ዕቃው የሁሉም ነው፣ ከሱቅም ይገኛል። ሱቅ ውስጥ በሌለው ነገር ላይ ይህንኑ መጠቀም፣ ማለትም ቡናው ገና ሳይደርቅ «ስንት ነው?» ብሎ እጅን ኪስ መክተት፣ ባለቤቱን ይሰድበዋል። በተቃራኒው የሚተካውን ነገር፣ ለምሳሌ የተሰነጠቀ የስልክ ስክሪን፣ «በፍጹም አልቀበልም» ብሎ ካሳውን መመለስና ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ባዩ ቁጥር ማስታወስ አለ። በቅንነት የቀረበን ካሳ መቀበል ነውር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ ጥያቄውም ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይወስናል። ወዳጆች ለዚህ ፍርድ ቤት አይሄዱም፤ ባይሄዱም ግማሹን እከፍላለሁ፣ ግማሹን ተወው ተባብለው በዚያው ሳምንት መጨረስ ይችላሉ። ሳምንቱን ማሳለፍ ለጠብ አስፈላጊ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ለሦስተኛ ሰው መንገር ነው። ከአቦል እስከ በረካ፣ ወዳጁ በሌለበት ቤት ይነገራል። አንድ ስኒ የነበረው ቡና በሁለተኛው ቤት ጀበናው ሙሉ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቤት ሆን ተብሎ የተደፋ ይሆናል። ወሬው ለወዳጁ ሲደርስ «ምንም አይደለም ብሎኝ አልነበረም እንዴ?» ይላል፤ እውነቱን ነው። እሱም በተራው ይቀየማል፤ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፤ ሁለቱም በልቅሶ ቤት ለየብቻ ይቀመጣሉ።

ሽማግሌዎች የገቡበት እንደሆነ የመጨረሻው ደረጃ ይቀራል። ባለቤቱ «እኔ ከማንም አልተጣላሁም» ብሎ ይመልሳል። ያበላሸውም ይህንኑ ይደግማል። ሽማግሌዎቹም ሁለቱ የለም ባሉት ጠብ ላይ እርቅ የሚጀምሩበት አያገኙም።