እማዬና የዱባይ ሻርኮች

ለጫጫ ሰው ባሕር ማለት ወይ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ወይ ቦቴ መኪና። የመጀመሪያውን ቄሱ ያነብቡልናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ድሮ ከአሰብ ነዳጅ ጭኖ በደብረ ብርሃን አልፎ በከተማችን መሃል ይግተለተል ነበር። ከዚያ በተረፈ ያለን ክረምት ላይ የሚደነፋው የጫጫ ወንዝ ነው። እሱም ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ገብቶ ይሄዳል፤ ሜዲትራኒያን ሲደርስ የጫጫ ልጅ መሆኑን ማን ያውቅለታል?

ዱባይ ሠርታ የምታድረው እህቴ እማዬንና እኔን አስመጥታ ዱባይ ሞል ውስጥ ወዳለው አኳሪየም ስትወስደን፣ ስልኳን ለቪዲዮ አዘጋጅታ ነበር። እማዬ ስትደነግጥ ልትቀርጻት ነው።

እማዬ አልደነገጠችም። መስኮቱ ወደ 33 ሜትር ይሰፋል፣ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲከፈት በዓለም ትልቁ ተብሎ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከኋላው 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ተገትሯል። ሻርኩ ጥርሱን አግጥጦ በአፍንጫዋ ትይዩ ሲያልፍ፣ የእህቴ ልጅ እግሬ ሥር ተወሸቀ። እማዬ ግን ወደ እህቴ ዞር አለችና፣

«በረቱን የሚጠርገው ማነው?» አለች።

ዕድሜዋን ሙሉ ላም ስታልብ የኖረች ሴት ናት፤ እኛ ዓሣ ስናይ እሷ ከብት ታያለች። እህቴ አስተናጋጁን ጠየቀችላት። ጠላቂዎች ገብተው ይወለውላሉ አላት።

«ትልቁ ትንንሾቹን ለምን አይበላም?»

«በሰዓቱ ስለሚቀለብ ነው።»

«በይ፣ ልክ ናቸው። የጠገበ በሬ አጥር አይሰብርም። የታመመውንስ ይለያሉ?»

ይለያሉ። እማዬ ረካች። እኔ በበኩሌ ከዚያ ሁሉ ጎብኚ መሃል ቁም ነገር የጠየቀች እሷ ብቻ ትመስለኛለች፤ ሌላው ለሻርኩ ጀርባውን ሰጥቶ ራሱን ፎቶ ያነሳል።

ቀጥሎ በውሃው መሃል የሚያልፈው ዋሻ ነበር። ርዝመቱ 48 ሜትር ነው፤ ሻርኩ በራስህ ላይ ይንሳፈፋል። እህቴ በሹክሹክታ «እማዬ፣ እንደ ሙሴ ባሕር እየተሻገርሽ ነው» አለቻት።

«ሙሴማ ያለ ፕላስቲክ ነው ያሻገራቸው።»

አክሪሊክ መሆኑን ማን እንደነገራት እንጃ። ደግሞ ገና መራመድ ስንጀምር ዋሻው አለቀ። እማዬ ወደ ኋላ ዞራ አየችና «ይቺ ናት?» አለች። አልፈርድባትም። የጣርማ በርን ዋሻ ያየች ሰው ናት፤ ጣሊያን የፈለፈለው 587 ሜትር ጨለማ፣ ውሃው ከላይ የሚንጠባጠብበት፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ የሚገባበት፣ ያውም ያለ ትኬት።

ቀኑ ረቡዕ ስለነበር እህቴ ለምሳ ዓሣ አዘዘች። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተውና፣ እማዬ ሳህኑን በእጇ ገፋ አደረገችው። «አሁን አይን ለአይን ተያይተን መጥተን?» አለች። ሽምብራ በላች።

ስትበላ ግን ሐሳብ ይዟታል።

«እነዚህ ዓሦች አይታለቡም?»

«አይታለቡም።»

«አይታረዱም?»

«አይታረዱም። ሰው ከፍሎ ያያቸዋል እንጂ።»

ትንሽ ዝም አለች።

«የመንዝ በግ ብናመጣላቸውስ፣ ለማየት ስንት ይከፍላሉ?»

«ኧረ እማዬ፣ ለበግ ማን ይከፍላል!»

«ላቱን ስላላዩት ነው» አለች።